ጠርሙስና ሲባጎ

ባለሱቁ የሻማ ማስቀመጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው፤ የተጠመጠመበትን ሲባጎ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተና ከፈተው። ካርቶኑ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ዕቃዎች ተደርድረዋል። አንዱን አውጥቶ ከመጣለት አጠገብ አቆመው። ያው የማርማላታ ጠርሙስ፣ ያው ሲባጎ፣ ያው ወርቃማ ቀለም የተቀባ የጀሶ እግር፣ በአንገቱ ዙሪያም ያው የመስታወት ስብርባሪ።

«እስቲ የቱ ነው ያንቺ?» አላት።

እትዬ ሁለቱንም አየች። እጇን ልትሰድ አለችና መልሳ ሰበሰበችው።

«የግራው» አለች።

«የቀኙ ነው» አለ ባለሱቁ። ሊያሾፍባት ፈልጎ አልነበረም፤ እንዲያውም ከተናገረ በኋላ ቅር አለው። «ይሄን ያመጣችው ሴትዮ ልጅ አዝላ ነበር፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። ከእሷ በፊት ደግሞ እናትና ልጅ መጡ። እህቴ፣ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ማስቀመጫ ሠሪ ሆነ፤ ሻማ የሚያበራው ሰው ነው የጠፋው። መብራት ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ ሲኒ ይደፋና ቂጡ ላይ ሻማውን ያጣብቃል።»

«ይሄ እኮ ለጌጥ ነው» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «ለስጦታም ይሆናል።»

«ስጦታማ…» አለና ወደ በሩ አየ፤ ስጦታ ገዢ ድንገት ብቅ ይል እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። «ከፈለግሽ ትተሽው ሂጂ፤ ከሆነ ሆነ።»

እትዬ ካርቶኑን አየች። ተኝተው የሚጠብቁት መች አነሱ? የራሷን አንስታ፣ የራሷ መሆኑን እግሩ ላይ ባለችው የቀለም ጠብታ አረጋግጣ፣ ዘንቢሏ ውስጥ መለሰችው።

ስትወጣ ዘንቢሉ ስትገባ ከነበረው ቅንጣት ታህል አልቀለለም። ጠዋት ከቤት ስትነሳ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ በአሮጌ ፎጣ ለይታ ነበር የደረደረቻቸው፤ በየሱቁ ስታወጣና ስትመልስ ፎጣው ተጨማዶ ወደ ታች ስለወረደ አሁን በተራመደች ቁጥር ቅጭል ቅጭል ይላሉ። አበባ ሻጩ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ «አበባው ራሱ እየደረቀብኝ ነው» አላት። የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት ቀና ብሎም አላያት። የሆቴሉ ዘበኛ በር ላይ አስቁሞ «እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ መጥተዋል፤ እንዳላስገባ ታዝዣለሁ» ሲላት ከእሷ ይልቅ ያፈረው እሱ ነበር።

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ታናሽ እህቷ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እትዬ ስለምትላት፣ ግቢው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት አዛውንቶች ሳይቀሩ፣ እትዬ ይሏታል። ፋብሪካም እትዬ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል የኖረችበት ፋብሪካ ማሽኖቹን ነቃቅሎ በሩን ሲዘጋ፣ ሠራተኞቹ አጥሩ ሥር ቆመው የወሬ ወሬ ሲቀባበሉ፣ ያው አጥር ላይ የማሠልጠኛ ማዕከሉ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። በቤትዎ ሆነው፣ በቀላል ወጪ፣ የሚያምር ጌጥ ሠርተው ራስዎን ይቻሉ ይላል። እትዬም ተመዘገበች።

አሠልጣኟ ወጣት ናት፤ ሰው የምታቀርብ፣ ፈገግታዋ የማይነጥፍ። ሴቶቹን በክብ አስቀምጣ የተጣለ ጠርሙስ እንዴት የሳሎን ጌጥ እንደሚሆን አሳየቻቸው። ጠርሙሱን ቀቅሎ ወረቀቱን መላጥ፤ ኮላ ቀብቶ ሲባጎውን ከሥር ጀምሮ መጠምጠም፤ ጀሶውን ለውሶ በእርጎ ዕቃ ውስጥ ማፍሰስና ሳይደርቅ ጠርሙሱን መትከል። የመስታወት ስብርባሪው ከመስታወት ቤት በነፃ ይገኛል። የመጨረሻው ቀን መጋረጃውን ዘግተው የሠሩትን ሁሉ ሲያበሩት ግድግዳውና ጣሪያው በብርሃን ጠብታ ተሞላ፤ ሲንጫጩ የዋሉት ሴቶች ጸጥ አሉ። እትዬ የእጇን ሥራ አይታ ቆንጆ ነው ስትል የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ ቆንጆ አይባልም፤ ተተከለ ነው የሚባለው።

«ገበያውን ለእኛ ተዉት» ብላ ነበር አሠልጣኟ ስታሰናብታቸው። ሴቶቹም ተዉላት። ቤታቸው ገብተው ሠሩ፤ አዲስ ዙር ገባ፤ እነሱም ተመርቀው ቤታቸው ገብተው ያንኑ ሠሩ።

መንገድ ዳር ዘንቢሉን አስቀምጣ ክንዷን እያሸች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ ነኝ፣ ከማሠልጠኛው።»

«ደኅና ነኝ ልጄ። ገዢ ተገኘ እንዴ?»

አሠልጣኟ ቸኮል ብላ ቀጠለች። «ስለ እሱ በኋላ እንነጋገራለን። ዛሬ ከሰዓት አዲስ ዙር እንጀምራለን፤ ከቀድሞዎቹ አንዷ መጥታ ልምዷን ብታካፍላቸው ተባለና እኔ እርስዎን አሰብኩ። ሥራዎ ንጹሕ ነው፤ ሲናገሩም ሰው ይሰማዎታል።»

«ምን ብዬ ነው የማካፍለው?»

«እንዴት እንደጀመሩ፣ አሁን የት እንደደረሱ…»

እትዬ የደረሰችበትን ዞር ብላ አየች። የቆመችው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ነበር።

«ደግሞ እትዬ፣ ረዳት አሠልጣኝ እንድቀጥር ተፈቅዶልኛል» አለች አሠልጣኟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በየወሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ዛሬ አለቆቼም ይገኛሉ። ንግግሩን ከወደዱት፣ ያው…»

«ገባኝ» አለች እትዬ።

ቤት ስትደርስ ሹፌሩ መጥቷል። የታናሽ እህቷ እጮኛ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ስለሆነ እዚያች ክፍል ውስጥ ሲገባ ግድግዳዎቹ የሚቀራረቡ ይመስላል። ቤቱ ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንበሯ ላይ የነበሩትን ሁለት የሻማ ማስቀመጫዎች አንስቶ የሚያኖርበት ስላጣ፣ በየጉልበቱ ላይ አንዳንድ አስቀምጦ በእጆቹ ደግፏቸዋል።

«ኧረ አስቀምጣቸው» አለችው እትዬ።

«የት?»

እውነቱን ነው፤ ቦታ የለም። መደርደሪያው ሞልቷል፤ መስኮቱ ሞልቷል፤ የቁም ሣጥኑ አናት፣ የአልጋው ሥር፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ጥግ ሁሉ በወርቃማ እግር ተሞልቷል። ጠረጴዛውን ዕቃ ከያዘው ቆይቷል፤ እህትማማቾቹ ሰሃናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የሚበሉት። ታናሽየዋ በክሊኒክ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ ለምሳ ስትመጣ እጇ በሳሙና ተጨማዶ፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላለች፤ እጮኛዋን አታየውም።

«ሸጥሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«ጥቂት» አለች እትዬ፤ ዘንቢሉን ከበሩ ኋላ ስታስቀምጥ ግን የጠርሙሶቹ ድምፅ አጋለጣት። ታናሽየዋ ሰማች፤ ያልሰማች መሰለች።

«እትዬ» አለ ሹፌሩ፣ «እርስዎ ይንገሯት እስቲ። ዝውውሬ ወጣ። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ከተማ መስመር ላይ ተመድቤያለሁ። ቤት አግኝቻለሁ፤ ትልቅ አይደለም፤ መስኮቱ ግን ጥሩ ነው። እዚያም ክሊኒክ አለ፤ ሰው እንደሚፈልጉ ጠይቄያለሁ።»

«እኔ መልሴን ነግሬሃለሁ» አለች ታናሽየዋ።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለች እትዬ።

«ምሳሽን ብዪ እስቲ መጀመሪያ።»

«ምን አለችህ?»

ሹፌሩ ጉልበቱ ላይ ያሉትን ዕቃዎች አየ። «ትንሽ ጠብቀኝ ነው የምትለኝ። ስጠብቅ ደግሞ ትንሽ ጠብቀኝ ትላለች። እኔ መጠበቁ አልከበደኝም፤ አውቶቡሱ ነው የማይጠብቀው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ታናሽየዋ ሻይዋን መሬት ላይ አስቀምጣ። «እሷን ከዚህ ሁሉ ጠርሙስ ጋር ቆልፌባት ልሂድ? የቤት ኪራዩንስ…» አለችና አፏን ያዘች። ከእትዬ ፊት ይህን ላለመናገር ለራሷ ቃል ገብታ እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል።

እትዬ አሁንም እንደቆመች ነው። የምትቀመጥበት አልነበረም።

«ሥራ አግኝቻለሁ» አለች።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«ረዳት አሠልጣኝ ሆኛለሁ፤ ማዕከሉ ውስጥ። በየወሩ የሚከፈል። አሁን ነው የደወሉልኝ።»

«እትዬ፣ እውነትሽን ነው?»

«ልብስ ልቀይር ነው የመጣሁት። ከሰዓት እንድገባ ተብያለሁ።»

ታናሽየዋ አልጮኸችም፤ አልሳቀችም። ጭኗ ላይ የነበረውን ፎጣ አንስታ ፊቷን ሸፈነችበት፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ እህቷ ምን ያህል መሄድ ትመኝ እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው። አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ እየተኙ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተገላበጠች፣ አንድም ቀን አፍ አውጥታ አልነገረቻትም።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ለክሊኒኩ እነግራቸዋለሁ» አለች ታናሽየዋ ከፎጣው ሥር። «ሰው ይተኩ።»

«ንገሪያቸው» አለች እትዬ።

ሹፌሩ ተነስቶ ሊያቅፋት ፈለገ፤ ጉልበቱ ላይ ያሉት ትዝ ሲሉት መልሶ ተቀመጠ። «እንኳን ደስ አለዎት እትዬ» አለ እንደተቀመጠ። ከዚያ ሦስቱም ሳቁ፤ የሻማ ማስቀመጫ ከገባ ወዲህ እዚያ ቤት ሳቅ እምብዛም ተሰምቶ አያውቅም።

አዳራሹ ቀለም ቀለም ይሸታል። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች ላይ የማዕከሉ ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከረባቱን አላልቶ ስልኩን ይነካካል። ከኋላቸው ሴቶቹ። እትዬ መድረኩ ላይ ሆና ስታያቸው ፊታቸውን አንድ በአንድ የምታውቀው መሰላት። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ጫማቸው በጥንቃቄ ተወልውሏል፤ ማንም እንዳይታዘባቸው ቀጥ ብለው ነው የተቀመጡት። እሷም ያኔ እንደዚያ ነበር የተቀመጠችው።

«እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ» ብላ ጀመረች። ድምጿ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቴ ተቀመጥኩ። ቀኑ አልመሽ ይለኝ ነበር። እዚህ መጥቼ ይሄን ስማር እጄ ሥራ ያዘ።»

ይህ እውነት ነበር።

«መጀመሪያ የሠራሁት ተንጋዶብኝ ነበር። ጀሶው ሳይጠጥር አነሳሁትና ወደቀብኝ። እያደር ግን እጄ ለመደ። አሁን ቤቴ ሞልቷል።»

ይህም እውነት ነበር። ሴቶቹ አጨበጨቡ። አሠልጣኟ ከጎን ሆና ራሷን በደስታ ነቀነቀች፤ ከረባታሙ ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከመካከል አንዲት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት እጇን አወጣች። የእትዬ ዕድሜ እኩያ ናት፤ ደፈር ያለች፣ ዓይኗ ሰው ፊት ላይ የሚተከል ዓይነት።

«ማን ነው የሚገዛሽ?» አለች።

እትዬ አሠልጣኟን አየች፤ ከረባታሙን አየች፤ ከሁለቱ አልፎ ፎጣ የሸፈነው ፊት ታያት።

«ሱቆች ይወስዳሉ» አለች። «አበባ ቤቶችም። ሆቴሎችም ይጠይቃሉ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ባለ ቢጫ ሻሿ እጇን አወረደችና አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዞራ አንድ ነገር አንሾካሾከች፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ለሻይ ሲወጡ እትዬ ግቢው ውስጥ ካለው ግንብ ሥር ለብቻዋ ቆመች። ብርጭቆዋን ይዛ አልጠጣችም። ባለ ቢጫ ሻሿ ከሩቅ አየቻትና ዳቦዋን በናፕኪን እንደጠቀለለች ቀጥታ ወደ እሷ መጣች።

«ጠየቅኩሽና ቅር አለሽ? አጥብቄ መጠየቅ ልማዴ ነው፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አቃቤ ሕግ ይለኝ ነበር።»

«ምንም አይደል።»

«ልቤን ሞላሽው እኮ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ እግሬ በር ላይ ነበር። የልብስ ስፌት መኪና አለኝ፤ የእናቴ ነበር። ነገ ገዢ ሊወስደው ነው። ማታ ሲያስጨንቀኝ ነው ያደረው፤ ልሽጠው፣ አልሽጠው እያልኩ። አንቺን ስሰማ ግን ቆረጥኩ። ጠርሙሱን፣ ኮላውን፣ ጀሶውን በብዛት እገዛና ከሥልጠናው ስወጣ በደንብ እጀምራለሁ።»

እትዬ ብርጭቆውን ግንቡ ላይ አስቀመጠች።

«መኪናው ይሠራል?»

«እንደ አዲስ ነው። የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ የማሳጥረው በእሱ አይደል? ግን ሱሪ ማሳጠር የት ያደርሳል? ሰዉ ደግሞ ሱሪ መግዛት ትቷል።»

«አትሽጪው።»

«ምን አልሽ?»

«መኪናውን አትሽጪው። ይሄ ነገር አይሸጥም» አለች እትዬ። አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም። «ዛሬ ጠዋት ከሱቅ ሱቅ ስዞር አርፍጄ አንድ እንኳ የነካልኝ የለም። ሆቴሉ ከበር ነው የመለሰኝ። ቤቴ ሞልቷል ያልኩት ያልተሸጠው ነው። የምንተኛው ጠርሙስ መካከል ነው።»

የሴትየዋ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የከሰመው። ናፕኪኑን አጥብቃ ያዘችው።

«መድረክ ላይ እንደዚያ አላልሽም።»

«መድረክ ላይ ዋሽቻለሁ።»

«ለምን?»

እትዬ ስለ እህቷ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ አውቶቡሱ መናገር ፈለገች፤ ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት። ሴትየዋ መልሱን ጠበቀች፤ ሲዘገይባት የራሷን መልስ ሰጠች።

«እህቴ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም» አለች ረጋ ብላ። «ለዚያ ሁሉ ሰው ይሸጣል ብለሽ ስታበቂ፣ መኪና አለኝ ስልሽ ጊዜ ለእኔ ብቻ አይሸጥም ሆነ። አቅም ያላት ናት፣ በብዛት ሠርታ ትሻማኛለች ብለሽ ነው። አይፈረድብሽም፤ እንጀራሽ ነው። ግን እንዲህ አይደረግም።»

«ቤቴ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ።»

«ቤትሽ ምን ሥራ አለኝ?» አለችና ዳቦዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ተመለሰች። ወዲያው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጠሙ፤ ተራ በተራም እየዞሩ እትዬን አዩዋት።

ብዙም አልቆየ፣ አሠልጣኟ መጣች። ፈገግታዋ ከሩቅ አብሯት ነበር፤ ስትጠጋ ጥሏት ሄደ።

«ምን አሏት?»

«እውነቱን።»

አሠልጣኟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ግንቡ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ጭኗ መካከል አስገባች፤ እንደዚያ ስትቀመጥ ልጅ ትመስላለች።

«የማላውቅ ይመስልዎታል?» አለች። «የእርስዎ ዙር ሴቶች እየደወሉ ያለቅሳሉ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ነው የምውለው። ዛሬ ለእርስዎ ስደውል እንኳን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ዘግቻለሁ፤ ይሰድቡኛል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አትተዪውም?»

«ልተወውና የት ልሂድ? አዳራሹ ሰው ካላገኘ ሥራው ይዘጋል፤ ሲዘጋ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። እናቴ አልጋ ላይ ናት። እነዚህ ሴቶች ቤታቸው ቢውሉስ ምን ያገኛሉ? እዚህ ቢያንስ ሻይ አለ። ይተዋወቃሉ። ይስቃሉ።»

ይህን ስትል እትዬን አላየቻትም። ራሷም ያላመነችበትን ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግማ የተለማመደች ትመስል ነበር።

«ሴትየዋ ማውራት ጀምራለች» አለች ቀጥላ። «ከአለቆቼ ጆሮ ሳይደርስ አንድ ቃል ይበሏት። ቀልዴን ነው ይበሏት፤ በቃ። የሥራውን ነገር ቅድም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ወደናታል ብለውኛል። ከፈለጉ ከሰኞ ጀምሮ ይገባሉ። ካልፈለጉ ደግሞ… አልቀየምዎትም፤ እውነቴን ነው።»

ከአዳራሹ ውስጥ የጠርሙስ ኳኳታ ይሰማል። ሴቶቹ ወደየጠረጴዛቸው እየተመለሱ ነው። እትዬ ስለ ክሊኒኩ አሰበች። ታናሽየዋ አሁን እጇን አድርቃ፣ ሽርጧን አውልቃ፣ አለቃዋ ክፍል በር ላይ ቆማ ይሆናል። ምናልባትም ተናግራ ጨርሳለች። ተመልሳ «ተሳስቼ ነው፤ አልሄድም» ስትል እየታያት እትዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ፣ ኮላና የሲባጎ ጥቅል ተቀምጧል። አሠልጣኟ ፊት ለፊት ቆማ ፈገግታዋን መልሳ አደረገችው። ሴቶቹ እትዬን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እትዬ በመካከላቸው አልፋ ባለ ቢጫ ሻሿ ዘንድ ደረሰች። ሴትየዋ ሲባጎውን መጠምጠም ጀምራለች፤ እጇ ልብስ ስለለመደ ጠርሙሱን እንደ ጨርቅ አላልታ ነው የያዘችው፤ ሲባጎው እየላላ ይንሸራተታል።

«የቅድሙን ቀልዴን ነው» አለች እትዬ፣ አጠገቧ ያሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

ሴትየዋ ቀና ብላ ለአፍታ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷ ተፈታ። «እኔ መች ጠፋኝ» አለች፤ ወደ ጎረቤቷም ዞራ «አላልኩሽም?» አለቻት። ሳቁ። ፊት ለፊት የነበረችው አሠልጣኝ ትንፋሿን ለቀቀች።

እትዬ የታዘዘችውን አድርጋለች። መመለስ ትችል ነበር፤ መድረኩ ላይ ወንበር አዘጋጅተውላታል። ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። የሴትየዋን ጣቶች እያየች ቆመች። ቤት ስላሉት ጠርሙሶች አሰበች፤ በአልጋው ሥር፣ በቁም ሣጥኑ አናት ስላሉት። ኮላው በሙቅ ውሃ ይለቃል። ሲባጎው ከተፈታ እንደ አዲስ ይጠቀለላል። ጀሶውም ቢሆን አንድ ጆንያ ሙሉ ሳይከፈት አለ። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች።

«መኪናውን የምትሸጪው ለምን ነበር ያልሽኝ?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«ነገርኩሽ እኮ፤ ለዕቃ መግዣ።»

«ዕቃ አትግዢ። ጠርሙሱም፣ ሲባጎውም፣ ጀሶውም እኔ ቤት አለ። ነገ ያ ገዢ ሳይመጣ በጠዋት ነይና ውሰጂ፤ አድራሻዬን እሰጥሻለሁ። መኪናሽ ባለበት ይቀመጥ።»

ሴትየዋ መጠምጠሟን አቆመች። «በስንት ነው?»

«በነፃ።»

«በነፃ?» አለች፤ ያ አጥብቆ ጠያቂ ዓይኗ እትዬ ፊት ላይ ተተከለ። ለረጅም ጊዜ አየቻት። አንድ ነገር ልትጠይቅ ፈለገችና ሌላ ነገር ጠየቀች። «አንቺስ በምን ልትሠሪ ነው?»

«እኔ ከእንግዲህ አስተምራለሁ» አለች እትዬ፤ የላላውንም ሲባጎ ከእጇ ተቀብላ፣ ጫፉን ፈልጋ፣ ከሥር ጀምሮ አጥብቃ ትጠመጥምላት ጀመር።